ጋሼ ጉግሳና የዕቁቡ ወተት

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመገናኛ ስመለስ ሚኒባሱ ጉርድ ሾላ ላይ መቆሙ አይቀርም፤ ረዳቱ በመልስ ከተሳፋሪ ጋር ይነታረካል፣ እኔ በመስኮቱ አንድ ባለመስታወት ፎቅ እያየሁ ሌላ ዓለም ውስጥ እገባለሁ። ፎቁ ያረፈበት ቦታ ላይ ድሮ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያችን ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ጠዋት ጠዋት የቢዶን ኳኳታ፣ በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ያደረ የወተት ሽታ። ይህን ለልጄ ስነግራት «እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ» ትለኛለች። እጀምራለሁ እንጂ! እሷ በላስቲክ የታሸገ ወተት እየጠጣች ያደገች ናት፤ ወተት ሽታ እንዳለው በምን ታውቃለች?

በደርግ ጊዜ ከጉርድ ሾላ ወዲያ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ገርጂ እርሻ ነበር፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ከዚያ መስኩና ላሞቹ። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በአናት ላይ ሲያልፍ እንግዳ ሰው ጎንበስ ይላል፣ ላሞቹ ግን ለምደውት ጆሯቸውን እንኳ አያነቃንቁም። የገበሬዎቹን ወተት አንድ የመንግሥት ድርጅት ይረከባል፤ ከዚያ በመኪና ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካውም አብዛኛው ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ይሄዳል። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጋሼ ጉግሳ ነበሩ። እኔ ስመኝ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በመዝጋቢነት የተቀጠርኩ፣ ምላሴ የማያርፍ ወጣት ነበርኩ።

ጋሼ ጉግሳ በልጅነታቸው ከቡልጋ መጥተው፣ በንጉሡ ጊዜ በአንድ ባለሀብት የከብት እርባታ ውስጥ በቢዶን አጣቢነት የጀመሩ ሰው ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ እርባታው ተወረሰ፤ ባለቤቱ ሄደ፣ ላሞቹ ቀሩ፣ ከላሞቹ ጋር ጋሼ ጉግሳም ቀሩ። ቀስ በቀስ ተረካቢ፣ ከዚያ ለኪ፣ በመጨረሻም ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አጭር ናቸው፤ ጢማቸው ወፍራም ነው፤ ሐምሌም ሆነ መጋቢት የማያወልቁት የካኪ ካፖርት ነበራቸው። በካፖርቱ የደረት ኪስ ውስጥ በነጭ መሐረብ የተጠቀለለች የብርጭቆ መለኪያ አለች። ወተት ውስጥ ስትነከር ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ውሃ ከገባበት ትሰምጣለች። እሳቸው ዘንድ ግን ያቺ መለኪያ ለጣቢያው ወተት ብቻ አልነበረችም። ሠርግ ቤት እርጎ ሲቀርብላቸው እንኳ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ የነፍስ አባትዎንም ይለኩልን እንጂ» ብላቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።

ያኔ የሚከራይ ቤት ማግኘት ዘበት ስለነበር፣ ከጣቢያው ጀርባ በገርጂ በኩል ባለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ሰጥተውኝ በደባልነት ነበር የምኖረው። ባለቤታቸውን እትዬ ስላት «አታስረጂኝ!» ብላ ስለተቆጣችኝ፣ ለእኔ ማሚቱ ብቻ ነች። ማሚቱ ግቢው ጥግ አንዲት ቡራቡሬ ላም ነበራት። የጣቢያው ደንብ ሠራተኛም ሆነ የሠራተኛ ቤተሰብ ወተት እንዳያቀርብ ይከለክላል፤ ለኪውና አስለኪው ከአንድ ቤት እንዳይሆኑ ነው። ስለዚህ የላሟ ወተት ለልጆቹና ለቅቤ ነው የሚውለው። ጋሼ ጉግሳ የሚያውቁት ይህን ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

የሠፈሩ ሴቶች የወተት ዕቁብ ነበራቸው። የአንዲት ላም ወተት ለብቻው ጨው እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ ተሰባስበው ወተታቸውን በተራ ለአንዷ ያዋጣሉ። ተራ የደረሳት ሴት ጠዋትና ማታ በየቤቱ እየዞረች የሁሉንም በቢዶኗ ሰብስባ በራሷ ስም ለጣቢያው ታስረክባለች። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ተራው ወደ ሌላዋ ይሄዳል። የዕቁቡ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤትን ወተት መመርመር የለም። አታሸቺም፣ አትቀምሺም፣ ዐይንሽን እንኳ ብዙ አታሳርፊበትም፤ የሰጠችሽን ተቀብለሽ «ይባርክልሽ» ብለሽ ትሄጃለሽ። ጋሼ ጉግሳ የዕቁቡን ነገር ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉት ነበር። «እኔ የማውቀው ቢዶኑ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው» ይላሉ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልጉ ቀረ። መጋቢት ላይ መስኩ አመድ መሰለ፣ የላሞቹ ጎድን ከሩቅ መታየት ጀመረ። ያን ጊዜ ተራው የገንዘቤ ነበር። ገንዘቤ የገርጂ ሴት ናት፤ ባሏ ጉዲና ሞቶባት ልጆቿንና አንዲት ላሟን ይዛ የቀረች፣ ዝምታ የምታበዛ፣ ስሟን ቢዶኗ ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፈች። አንድ ጠዋት የጋሼ ጉግሳ መለኪያ የገንዘቤ ወተት ውስጥ ሰመጠች። አወጧት፣ በመሐረባቸው ጠረጓት፣ ደግመው ነከሯት። ሰመጠች። «ማስጠንቀቂያ ጻፊ» አሉኝ። ሰንበትበት ብሎ እንደገና ሰመጠች፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ሦስተኛው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሦስተኛው ላይ ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ከጣቢያው ወተት አቅራቢነት አባልነት መሰረዝ። መሰረዝ ማለት ወተት አለመሸጥ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የከብት መኖው፣ ፉርሽካና ፋጉሎው፣ የሚገኘው በአባልነት ነው። በዚያ ድርቅ ያለ ፉርሽካ የገንዘቤ ላም ለፋሲካ አትደርስም፤ ላሟ ከሞተች ደግሞ ገንዘቤ ልጆቿን የምታበላው ነገር የላትም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጋሼ ጉግሳም ያውቃሉ።

«ገንዘቤ፣ ውሃውን ማን ጨመረበት?» ብለው ጠየቋት።

«እኔ አልጨመርኩም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከጎረቤቶችሽ አንዷ ናት። የማን ቤት እንደሆነ ንገሪኝና ሄጄ ልለካ።»

ገንዘቤ ቀና ብላ አየቻቸው። «የዕቁብ ወተት ይመረመራል እንዴ?» አለቻቸው።

ጋሼ ጉግሳ ጮሁባት። «ይህን ወተት የታመመ ሕፃን ነው የሚጠጣው! ገባሽ? የታመመ ሕፃን!» ይኼም እውነት ነበር። ያን ቀን እኔም ለገንዘቤ አዘንኩላት እንጂ አላመንኳትም።

ቢዶኑ ከነወተቱ ታሽጎ ተቀመጠ። ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ሲነገር መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሰኞ ጠዋት አባላቱ ሁሉ ይሰብሰቡ፣ ጓድ ዘርአይ የሚባል ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ወተቱ በሕዝብ ፊት ይደፋል፣ የስረዛው ውሳኔም ይነበባል። ወቅቱ አሻጥር የሚለው ቃል እንደ ጨው በየወጡ የሚገባበት ነበር፤ መቀጣጫ ይፈለጋል። ይህን ሲሰሙ የገርጂው ሽማግሌ አባ ገመዳ ራሳቸውን ይዘው፣ «ወተት መሬት ላይ ከፈሰሰ እኮ ላሞቻችን ይነጥፋሉ» አሉ። የሰማቸው የለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጉግሳ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ተኝተዋል። እኔ ግቢ ውስጥ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነው። ገንዘቤ ቢዶኗ ስለታሸገባት የተዋሰችውን ቅል አንጠልጥላ በጓሮ በር ገባች። ጣቢያው ባይቀበላትም የዕቁብ ተራዋ አላለቀም፤ ወተቱ የእሷ ነው። ማሚቱ ላሟን አልባ የማለቢያ ጮጮዋን ይዛ መጣች፤ ከጮጮው ወገብ የማይደርስ ወተት ነው። ቅሉ ውስጥ ገለበጠችው። እኔ አረፋ ዐይኔ ውስጥ ገብቶ በአንድ ዐይኔ ነው የማየው፤ «እንዴ፣ ማሚቱም ዕቁብተኛ ነች?» እያልኩ በልቤ ሳልጨርስ፣ ማሚቱ ከእንስራው ውሃ ቀድታ ጮጮው ውስጥ ጨመረች፣ አሽከርክራ አጠበችው፣ እጣቢውንም ቅሉ ውስጥ ቸለሰችው።

«ማሚቱ!»

ጋሼ ጉግሳ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ገንዘቤ ቅሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ምን አደረግኩ?»

«ውሃ ጨመርሽ።»

«እጣቢ ነው እንጂ ምን ውሃ ነው?» አለች ማሚቱ፣ ጭራሽ ተቆጥታ። «ወተት የነካው ውሃ መሬት ላይ ይደፋል? የማን ልጅ አደረግከኝ?»

ጋሼ ጉግሳ ወደ ገንዘቤ ዞሩ። «ሌሎቹስ ቤት?»

«ሁሉም ቤት» አለች ገንዘቤ። «እናቴም እንደዚህ ነበረች። እኔም የራሴን አጥቤ እጨምራለሁ። ይኼ እንደ ውሃ ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም።»

ጋሼ ጉግሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለአራታችንም አንድ ላይ የገባን። ክረምት ላይ ላም ጮጮውን እስከ አፍ ገደፉ ስትሞላው እጣቢው የት እንደገባ አይታወቅም። በዚያ በጋ ግን ወተቱ አነሰ፣ እጣቢው ያው ነው፤ የየቤቱ ጭልፋ ውሃ ገንዘቤ ዕቃ ውስጥ ተጠራቀመ። የሰረቀ ሰው የለም። አንዷም ሴት ልታጭበረብር አላሰበችም። ወተት እንዳይባክን ሲሳሱለት ነው ውሃ ያስገቡበት።

ገንዘቤ ከሄደች በኋላ ባልና ሚስቱ ተፋጠጡ። ማሚቱ በድብቅ ዕቁብ መግባቷን አልካደችም፤ የልጆቹ ጫማና ደብተር ከየት የሚመጣ መስሎህ ነው፣ አለቻቸው። ከዚያም ባሏ የሚያስቡትን ከፊታቸው አንብባ ደነገጠች።

«ነገ እጣቢ መሆኑን ንገራቸው፤ እሺ፣ ተናገር። የት አየህ ካሉህ በመንገድ ሳልፍ አንድ ቤት አየሁ በል።»

«የማንን ቤት?»

«የማንንም!»

«ስም ይጠይቁኛል፣ ማሚቱ። ስሟን የጠራኋት ሴት ናት ተጎትታ የምትሄደው።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

«ዝም ካልኩ ገንዘቤ አለቀላት።»

«እኛስ? የሥራ አስኪያጁ ሚስት በሰው ስም ለጣቢያው ወተት ስትሸጥ ኖረች ሲባል ይምሩሃል? አሻጥረኛ ብለው ቢያስሩህ ልጆችህን ማን ያሳድጋቸዋል?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ማን ያብላን?» ብላ ማሚቱ ማልቀስ ጀመረች።

ጋሼ ጉግሳ ፀጉሬ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። «ስመኝ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ዝም እል ነበር» አልኩ። ከልቤ ነው። ተናድጄባቸዋለሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን ተለፍቶበት የተገኘ እንጀራ በአንድ ጭልፋ እጣቢ ሊገለብጡት ነው እያልኩ። እሳቸው «እሺ» ብቻ አሉኝና ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ።

ሰኞ ጠዋት የጣቢያው ግቢ ሞላ። ጓድ ዘርአይ ጫማው አቧራ የጠጣ፣ እንቅልፍ ያነሰው የሚመስል ወጣት ሰው ነበር። ወረቀቱን ዘርግቶ ስለ አሻጥር ጥቂት አነበበ፤ ሲያነብ ቀና ብሎ ገንዘቤን ማየት አልሆነለትም። ከዚያ ሁለት ዘበኞች ቀይ ስም ያለበትን ቢዶን ከመጋዘን አወጡ። አባ ገመዳ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ገንዘቤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቢዶኗን ታያለች። ዘበኛው ክዳኑን ፈታ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ ጉግሳ።

ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወደ ፊት መጥተው ቢዶኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ይህ ወተት ውሃ አለበት። የለካሁት እኔ ነኝ፤ ለሕፃናት አይሆንም፣ ዛሬም አልቀበለውም። ግን አይደፋም። ሁለት ቀን አድሮ እርጎ ሆኗል፣ ቅቤ ይወጣዋል። ውሃው የገንዘቤ አይደለም። ጮጮ አጥቦ እጣቢውን መጨመር የቤት ልማድ ነው፤ ሚስቴ ማሚቱ ስትጨምር ትናንት በዐይኔ አይቻለሁ። የእኔ ቤት ለዚህ ጣቢያ ወተት ማቅረብ አይገባውም ነበር፣ ሲያቀርብ ኖሯል። ደንቡን ያፈረሰው ቤት የእኔ ነው። የሚሰረዝ ሰው ካለ እኔን ሰርዙኝ።»

የሌላ ቤት ስም አልጠሩም። የዕቁቡ ሴቶች ሁሉ እዚያው ቆመዋል፤ አንዷም ትንፍሽ አላለችም። እኔ በዚያ ዝምታ የተቃጠልኩትን ያህል በምንም ተቃጥዬ አላውቅም።

ጓድ ዘርአይ ወረቀቱን አጠፈ። ወደ ቢሮ ይዟቸው ገባ፤ እኔ መዝገብ ይዤ ስለተከተልኩ የተባባሉትን ሰምቻለሁ። «ምነው ጋሼ ጉግሳ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ለብቻችን ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ እርስዎን ባላነሳ ነበር።»

«ለብቻችን ብነግርህ ሰው ጆሮ የሚቀረው ገንዘቤ ውሃ መጨመሯ ነው፣ ልጄ። አሻጥረኛ የተባለችው በሰው ፊት ነው። ስሟም መንጻት ያለበት በሰው ፊት ነው።»

ወተቱ ሳይደፋ ለገንዘቤ ተመለሰ፣ አባልነቷም ጸና። ጋሼ ጉግሳ ከቀበሌ በላይ ወዳለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተወስደው ታስረው ሰነበቱ፤ ሲለቀቁ ከሥራ መሰናበታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠበቃቸው። ዕቃ ሊያስረክቡ በመጡ ቀን መለኪያዋን ከነመሐረቡ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ለኪዋ እኔ ሆንኩ።

ያ ክረምት ለዚያ ቤት ክፉ ነበር። ካፖርቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ጋሼ ጉግሳ ማጭድ ይዘው ለላሟ ሣር ፍለጋ ከገርጂ ወዲያ ይወርዳሉ። ማሚቱ ሰላምታዋ ሁሉ አጠረ። ደጁን የሚረግጥ ጎረቤት ጠፋ፤ በዚያ ዘመን መንግሥት ዐይኑን የጣለበት ቤት መግባት ያስፈራል። ይገባኛል፤ ግን አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ገንዘቤ ብቻ አልፎ አልፎ ከአጥሩ ሥር የፉርሽካ ቋጠሮ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። እኔ ሳያት ያላየችኝ መስላ ትፈጥናለች።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ መስኩን አልብሶት ነበር። ዕቁቡ አዲስ ዙር ሊጀምር ነው ሲባል ሰማን። ጋሼ ጉግሳ የድርጅቱ ሠራተኛ ስላልሆኑ እንደማንኛውም ሰው የጣቢያው አባል መሆን ይችላሉ፤ ተመዝግበውም ነበር። ማሚቱ ግን ዕጣ ወደሚጣልበት ወደ ዕቁቡ ዳኛ ወደ አዝመራ ቤት አልሄደችም። «በየትኛው ዐይኔ?» አለች። ያን ዕለት ወደ ማታ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት የዕቁቡ ሴቶች በሙሉ ቆመዋል፤ አዝመራ ከፊት፣ ከኋላ ገንዘቤ ያንን ቢዶኗን ተሸክማ። ቀዩ ስሟ ተፍቆ በቦታው «ጉግሳ» ተጽፏል። ቢዶኑ በወተት ሙሉ ነው።

«ዕጣ አልጣልንም» አለች አዝመራ። የቀረውን የተናገረችው ያቺ ዝምተኛዋ ገንዘቤ ናት። «የመጀመሪያው ተራ የእናንተ ነው፣ ጋሼ። ወተታችን በእርስዎ ስም ይሂድልን።»

ማሚቱ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ምን አባቴ እንዳስለቀሰኝ አላውቅም፣ የወራት ንዴት ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ ጉግሳ ቢዶኑን ተቀብለው «ይባርክላችሁ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ከተሰለፉት መሐል ካኪ ካፖርት አየሁ። ከግድግዳው ወርዷል። ሰዎቹ ወደ ፊት ይለፉ ብለው ቢገፏቸው እምቢ አሉ፤ ተራቸውን ጠብቀው እኔ ዘንድ ደረሱና ቢዶኑን ከፈቱልኝ። መለኪያዋን ከመሐረቧ አወጣሁ። የብዙ ቤት ወተት ነው፤ ከአንዱ ቤት እንኳ እጣቢ ገብቶ ቢሆን ዛሬ የሚሰምጠው የእሳቸው ስም ነው።

«ጋሼ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ከመምጣትዎ በፊት አይተውታል? ቀምሰውታል?»

ያ ሠርግ ቤት እርጎ የሚለካ ሰው በርጋታ አዩኝ። «የዕቁብ ወተት አይመረመርም» አሉኝ። ከዚያ ጨመሩ፤ «አንቺ ግን ለኪ፣ ስመኝ። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ።»

ነከርኳት። ከፍ ብላ ተንሳፈፈች።

«ንጹሕ!» ብዬ ጮህኩ፤ እንደዚያ መጮህ ደንቡ አልነበረም። ጋሼ ጉግሳ ወተቱን ከገለበጡ በኋላ አንድ ኩባያ ውሃ ለመኑኝ። ባዶው ቢዶን ውስጥ ጨምረው አሽከረከሩት፣ እጣቢውን መልሰው በኩባያው ቀዱትና በሰው ሁሉ ፊት ጠጡት። ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ቢዶኑን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ የገርጂን መንገድ ይዘው ወረዱ።